የት ነው የምታድሪው? ከቆሎ ተማሪ ጎጆ እስከ ዶርም

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ታግሣችሁ ካነበባችሁልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ ዘንድሮ ልጃችሁን ዩኒቨርሲቲ የምትልኩ ወላጆች ሳትጨርሱት አትለፉ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አምና ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ ደረሰኝ!" አለች። አዲስ አበባ ካሉት ግቢዎች አንዱ ነው የደረሳት። እንኳን ደስ አለሽ ብዬ ሳልጨርስ ጥያቄዋን አስከተለች። "ዶርም ላመልክት ወይስ ከተፍኪ ልመላለስ? አባቴ ቤትሽ እያለ ዶርም ምን ይሠራልሻል ይላል። እናቴ አየር ጤና አክስትሽ ጋ ግቢ ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ ተሰብስበን ቤት እንከራይ እያሉኝ ነው። እስከ ዓርብ መወሰን አለብኝ።"

ድሮ ቢሆን አፌን ሞልቼ እዚያው እመልስላት ነበር። አሁን ግን "ነገ ልደውልልሽ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከሦስት ዓመት በፊት ለሌላ ልጅ እዚያው መልሼ ያመጣውን ነገር አይቻለሁና ነው። የሷን ጉዳይ ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ቤት ኪራይና ትራንስፖርት ላይ ከናንተ የተለየ እውቀት የለኝም። ግን ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በአገራችን ተማሪ የት ይደር የሚለው ነገር ብዙ መቶ ዓመት ያስቆጠረ፣ አንዳንዴም ደም ያፈሰሰ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ ከመመለሴ በፊት የማውቀውን ታሪክ ከመጀመሪያው ላስታውስ ብዬ ተቀመጥኩ።

እንጀምር እንግዲህ ከቆሎ ተማሪ።

ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር ከፍተኛ ትምህርት ነበረን። ቅኔ የፈለገ ጎጃም ዋሸራ ወይም ጎንጂ ይሄዳል፤ ድጓ የፈለገ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባን ያስባል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ቀናት ተጉዞ የኔታ ያሉበት ደብር ይደርሳል። መኝታ የሚሰጠው ሰው የለም። እንጨት ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ ወይም የቀደሙት ተማሪዎች ጎጆ ውስጥ ይጠጋል። ምግቡን "በእንተ ስማ ለማርያም" እያለ ከመንደሩ ይለምናል። ውሻ ይነክሰዋል፣ ተስቦ ይጥለዋል፣ የተረፈችውን ቁራሽ አድርቆ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ተማሪ ብዙ ጊዜ ቤት ያጣ ልጅ አይደለም። አባቱ በሬ ያለው፣ እናቱ እንጀራ የምትጋግር ልጅ ነው። ታዲያ ለምን ከቤቱ ይጠፋል? አንደኛው ምክንያት ጥሩ መምህር ያለው ሩቅ ስለሆነ ነው። ሁለተኛው ግን እቤት ያለ ልጅ እረኝነት ስለማይቀርለት ነው። ሲዘራ ይጠራል፣ ሲታጨድ ይጠራል፣ ጥጃ ሲጠፋ ይጠራል። ብዙዎቹ ተመልሶ የሚወስዳቸው ዘመድ እንዳያገኛቸው ሆን ብለው ይርቁ ነበር። ትምህርት የልጁን ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት ይጠይቃል ብለው ስላመኑ ነው። የቅኔ ተማሪ ማታ ጎጆው ውስጥ ያወርዳል፣ ይዘርፋል፣ ሲነጋ የኔታ ፊት ይቆማል። ትንሹን የሚያስቀጽለው ትልቁ ተማሪ ነው። ከየኔታ የተማረው እና እርስ በርስ በጎጆ የተማረው ቢመዘን የቱ እንደሚበልጥ እንጃ።

የወሎን ደረሳ ያየ ደግሞ ይህንኑ ነው የሚያየው። ዳናን በመሰሉ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ሸኹ ጋ ይጠጋል፣ የአካባቢው ሰው ካለው ያካፍለዋል። ኪታቡን የሚቀራው ቀን ከሸኹ፣ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ነው። ሃይማኖቱ ሁለት፣ የተማሪው ኑሮ ግን አንድ ነው ማለት ይቻላል።

እግረ መንገዴን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ካይሮ የሚገኘው አል አዝሃር መስጊድ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። እዚያ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው የተከፈለ ማደሪያና መማሪያ ነበራቸው፤ ሪዋቅ ይባላል። ከነዚህ አንዱ የጀበርቲ ሪዋቅ ነበር፤ ከኛ አካባቢ ለሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች ማለት ነው። ዝነኛው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብዱረህማን አል ጀበርቲ የዚያን ሪዋቅ ሲመሩ ከኖሩ ሰዎች ዘር ነው፤ ስሙም ይናገራል። ከኢትዮጵያና ከዘይላ ወገን ተነሥቶ ካይሮ የደረሰ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ሪዋቁ የት ነው?" ብሎ መሆን አለበት። የሚያድርበትና የሚበላበት ሲያውቅ ነው ትምህርቱን የሚያስበው።

አውሮፓም ያው ነው። ቦሎኛና ፓሪስ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ተማሪው ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ከአከራይ ጋር በኪራይ ይጨቃጨቃል። ፓሪስ ላይ ሮበር ደ ሶርቦን የሚባል ቄስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለድሃ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ቤት ከፈተላቸው፤ ዛሬ ሶርቦን የምንለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። ኦክስፎርድ ላይ ደግሞ በ1355 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች መጠጥ ቤት ገብተው "ወይኑ አይረባም" ብለው የጀመሩት ጠብ የከተማውን ሰውና ተማሪውን ለቀናት አዋግቶ ብዙ ሰው አልቋል። ተማሪና ከተማ አብረው ሲኖሩ ሁልጊዜ ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ።

ዘመናዊ ትምህርት ሲጀመር፣ በ1900 ዓ.ም ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ መንግሥት የቆሎ ተማሪውን ነገር ገልብጦ ያዘው። ልመና ቀረ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት መጣ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃና ጄነራል ዊንጌት ተማሪውን አልጋ፣ ብርድ ልብስ፣ ምግብ ሰጥተው ነው ያስተማሩት። ከጠቅላይ ግዛት ተመርጦ የመጣው የገበሬ ልጅ ከባላባት ልጅ ጋር አንድ ክፍል አደረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ገበሬና ባላባት በእኩል አልጋ የሚተኙበት ሌላ ቦታ ስንት ነበር?

በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አራት ኪሎ ላይ ሲከፈትም እንዲሁ ነው። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ይመሩታል፤ ተማሪው አዳሪ ነው፤ ንጉሡም እንደ ልጆቻቸው ያዩታል። ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ተከተሉ። እነዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሩቅ ናቸው፤ ግቢው ለተማሪው ቤቱም ከተማውም ነበር።

ታዲያ በ1950 ዓ.ም ንጉሡ ለአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች 200 ነጻ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ አስታወቁ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች ወጣቶች መጡና ከኛዎቹ ጋር አንድ ዶርም ገቡ። ክፍል ውስጥ መምህሩ የማይናገረው ነገር ማታ ዶርም ውስጥ ይወራል። እንግዶቹ ስለ ነጻነት ትግል፣ ስለ ፓርቲ፣ ስለ ምርጫ ያወራሉ። "እናንተ በቅኝ ያልተገዛችሁ ናችሁ፣ ታዲያ ገበሬያችሁ ለምን እንዲህ ሆነ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። የኛ ልጅ ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ ኋላ ደግሞ ያስባል። የተማሪውን ንቅናቄ ያጠኑ ሰዎች ይህን የዶርም ጓደኝነት ከንቅናቄው ምንጮች አንዱ አድርገው ያነሱታል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም፣ ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ለቀቁና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ የዛሬው ስድስት ኪሎ ማለት ነው። አስቡት፣ የንጉሥ መኖሪያ የተማሪ መማሪያ ሆነ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የአዲስ አበባው ተማሪ አዳሪነት ተነሣ። ተማሪው ጥቂት ወርሃዊ ገንዘብ እየተሰጠው ከተማ ውስጥ ተከራይቶ ይኑር ተባለ። የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ነው፣ አዳሪነት ውድ ነው የሚል ምክንያት ነበር፤ ምክንያቱ ጨርሶ ውሸት አይደለም። ተማሪዎቹ ግን "አንድ ላይ እንዳናድር፣ እንዳንወያይ ነው" ብለው ነው ያመኑት። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት "አዳሪነት ይመለስ" የሚለው ከተማሪው ጥያቄዎች አንዱ ሆነ።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የመጣው ውጤት ነው። ተማሪውን ከዶርም ማውጣት ተማሪውን ዝም አላሰኘም። በየካቲት 1957 ዓ.ም "መሬት ለአራሹ" እያሉ ፓርላማ ድረስ ወጡ። በዓመቱ ደግሞ ለማኞች ተሰብስበው የታጎሩበትን የሾላ መጠለያ ጉድ አንሥተው "ድህነት ወንጀል ነው ወይ?" ብለው ተሰለፉ። ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የተጻፈ አይደለም፤ ግን ተማሪው በግንብ አጥር ውስጥ ሳይሆን በርካሽ ሰፈር፣ ጣራዋ በምታፈስ ክፍል፣ ከቀን ሠራተኛና ከለማኝ ጎረቤት ሆኖ መኖሩ ዓይኑን ሳይከፍተው የቀረ አይመስለኝም። ዶርም እርስ በርስ አስተዋወቀው፣ የኪራይ ቤት ከሕዝቡ ጋር አስተዋወቀው።

መጨረሻው ግን መራራ ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም ማታ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ከግቢው ብዙም በማይርቀው አፍንጮ በር አካባቢ በጥይት ተመታ። በማግስቱ ተማሪዎች አስከሬኑን ይዘው ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡበት ወታደር ገብቶ ተኮሰ፤ ተማሪዎች ሞቱ። ግቢም ውስጥ ግቢም ውጭ ሞት ነበር። ይህን ለምን አነሳለሁ? "ግቢ ውስጥ ከሆነች ምንም አትሆንም" የሚል ወላጅ ስላለ ነው። አጥር ብቻውን ማንንም አድኖ አያውቅም።

ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም ወደ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና አስተማሪ ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ዶርሙ ባዶ ሆነ። ከዚያ ቀይ ሽብር፤ አብረው ካደሩት ውስጥ ማን ማንን እንደሚጠቁም የማይታወቅበት ጊዜ። በዚያ ዘመን የተማሩ አንድ የቀድሞ መምህሬ "አብሮኝ ያደረውን ሳላምን ሁለት ዓመት ተኛሁ" ብለውኝ ያውቃሉ። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ወደኛ ዘመን ልምጣ።

በ1995 ዓ.ም የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ፤ ደንብ ቁጥር 91። ብዙ ተማሪ ፊርማውን ይፈርማል እንጂ ምን እንደፈረመ አያነብም። ያን ጊዜ ደንቡ ያለው ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል ነው። እና ዶርምና ካፌ ነጻ አይደለም ልጆች፤ ዱቤ ነው። ምግብን በዓይነት ወይስ በገንዘብ የሚለው ምርጫም ከዚያ ይመጣል። ካፌ ተጠቃሚና "ነን ካፌ" የሚባለው ይኸው ነው።

ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለረጅም ዓመታት 15 ብር ነበር የሚያዘው። 15 ብር! ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ አለ። 100 ብርም ቢሆን ዛሬ ተፍኪ ሽሮ ቤት ገብታችሁ ሦስቴ ብሉበት እስቲ። ነገር ግን ለብዙ ሺህ ሰው በአንድ ድስት ሲበስልና ለብቻ ሲበሰል አንድ አይደለም። ነን ካፌ የሆነ ልጅ ገንዘቡ በወሩ አጋማሽ ያልቅና የካፌ ጓደኛው ዳቦ ሲደብቅለት ነው የምናየው።

እኔ ራሴ በ10+3 ዘመን ነው ዲፕሎማ የተማርኩት። ኮሌጁ መኝታ ስላልነበረው ሦስት ሆነን አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየን። አንድ ፍራሽ ለሦስት፣ አንድ ስቶቭ፣ አንድ ጄሪካን። አከራያችን እናት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ያጠፉብናል፤ ቆጣሪው የጋራ ነዋ። ሻማ ገዝተን እናነባለን። አንዱ ጓደኛችን ሒሳብ ነበር፣ አንዱ አማርኛ፣ እኔ ኅብረተሰብ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አማርኛዬን ያሻሻልኩት ከክፍል ሳይሆን ከዚያ ፍራሽ ላይ ነው። አንዱ ሲታመም ሁለታችን ተሸክመን ጤና ጣቢያ ሄድን። ዛሬም በዓል ሲመጣ እንደዋወላለን። ስለዚህ ኪራይ ቤት ክፉ ነው ብዬ አልናገርም። ግን ሦስት ወንዶች ነበርን፤ ኮሌጁም በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያዙልኝ።

የዶርሙንም ክፉ ልናገር። ትኋን አለ፣ ውሃ ይጠፋል፣ ጫጫታ አለ። ከዚያም የከፋ አይተናል። በ2012 ዓ.ም በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር የተነሳ ግጭት ተማሪዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ሻንጣቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተጠልለው አደሩ፤ ትምህርታቸውን ጥለው የወጡም አሉ። ያን ጊዜ ከኛ ሰፈር ሩቅ አገር የተመደበ ልጅ የነበረው ወላጅ እንቅልፍ አልነበረውም። በመጋቢት ወር ደግሞ ኮሮና መጣና ሁሉም ወደ ቤቱ ተላከ፤ ዶርሞቹ የለይቶ ማቆያ ሆኑ። እንግዲህ አልጋውን የሚሰጥ መንግሥት አልጋውን ሊወስድም ይችላል። የ1950ዎቹ ታሪክ ተደገመ ማለት ባይሆንም የሚያስታውስ ነገር አለው።

አሁን የኛን የዙሪያውን ነገር እናንሳ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ የኛዋ ተፍኪ፤ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነን። ቅርብ መሆናችን ነው ጣጣው። ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ የመጣ ልጅ ዶርም ሲሰጠው ማንም አይከራከርም። የኛ ልጅ ግን "አንተ የአዲስ አበባ ዙሪያ ነህ፣ ከቤትህ ተመላለስ፤ ቦታ ከተረፈ እናያለን" ይባላል። ወረቀት ላይ እውነት ነው፤ ካርታ ላይ ተፍኪና ስድስት ኪሎ በጣት አንድ ስንዝር አይሞላም። ካርታው ግን ሰበታ ላይ ያለውን ሰልፍ አያሳይም። ክረምት ላይ የበቾ ሜዳ ውሃ ሲሞላ ከገጠሩ እስከ አስፋልቱ ለመድረስ ያለውን ጭቃ አያሳይም።

እና ያቺ ልጅ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ጎበዝ ተማሪዬ ነበረች፣ ከተፍኪ ትንሽ ወጣ ካለ የገበሬ ቤት። አዲስ አበባ ደረሳት። ዶርም እንዲሰጣት ደብዳቤ ልትጽፍ መጣችና እንዳግዛት ለመነችኝ። አባቷም አብረው መጥተው ነበር። "ባርሲሳ፣ አንተ ንገራት። ቤቷ እያለ ለምን ትለምናለች?" አሉኝ። እኔም ምን አልኩ? "እውነታቸውን ነው። ዶርም ምን ያደርግልሻል? የእናትሽን እጅ ወጥ እየበላሽ ተማሪ።" ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ደብዳቤው ሳይጻፍ ቀረ።

ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች። በጨለማ አባቷ አስፋልት ድረስ ይሸኟታል። ከተፍኪ ሰበታ፣ ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሜክሲኮ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ትደርሳለች፣ ቀን ከቀናት። ማታ ደግሞ የሥራ መውጫ ሰልፍ ላይ ትቆማለች። የቡድን ሥራ ተማሪው ማታ ላይብረሪ ተገናኝቶ ነው የሚሠራው፤ እሷ 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለባት። ማታ ሁለት ሰዓት ቤት ስትገባ ደግሞ ያው የቤት ልጅ ናት፤ እንጀራ ይጠብቃታል፣ ውሃ ይጠብቃታል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። እቤት ያለ ሰው ሥራ አለበት፤ የቆሎ ተማሪዎቹ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ያወቁት ነገር ነው።

ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ኋላ ነው። በቀን አምስት ሰዓት መንገድ። በሳምንት አምስት ቀን፣ 25 ሰዓት። በ16 ሳምንት ሴሚስተር 400 ሰዓት። 400 ሰዓት ታክሲ ውስጥ ቆማ! ሌላው ተማሪ በዚያ 400 ሰዓት ያነባል፣ ይተኛል፣ ከሲኒየር ወርክሺት ይዋሳል። ከዚያ ደግሞ ሁለቱም አንድ ፈተና ላይ ይቀመጣሉ።

አንድ ማታ ሰበታ ላይ ታክሲ ጠፍቶ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆማ ሰው ተከትሏት ነበር። ለወላጆቿ አልተናገረችም፤ ቢሰሙ ትምህርቱን እንደሚያስቀሯት ታውቃለች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን የከሰዓቱን ክፍል እየተወች ትመለስ ጀመር። በዓመቱ መጨረሻ ነጥቧ አልበቃምና ተሰናበተች። "ሰነፈች" ተባለ። እኔም በሰው አፍ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፤ ማፈሬን አልደብቅም። ሙሉውን የነገረችኝ እዚሁ መናኸሪያ አግኝቻት ነው። "ቲቸር፣ አንተ እኮ ነህ ተመላለሺ ያልከኝ" አላለችኝም። ብትለኝ ይሻል ነበር።

ዛሬ ሰበታ ፋብሪካ እየሠራች የማታ ትምህርት ጀምራለች። ይህን የጻፍኩት አስፈቅጃት ነው። ስሟን ለማወቅ አትሞክሩ፣ የምታውቁም አታንሱ እባካችሁ።

ወደ ቅዳሜዋ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ማክሰኞ ማታ ደወልኩላት። ያልኳትን ለናንተም ልጻፈው።

መጀመሪያ ዶርም አመልክቺ። ነገ ዛሬ ሳትዪ፣ ከቀበሌ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ይዘሽ፣ ርቀቱንና የምትነሺበትን ሰዓት ጽፈሽ። "ከተፍኪ ነኝ" ብቻ ካልሽ ካርታ ነው የሚያዩት፤ ሰዓቱን ጻፊላቸው። ደብዳቤውን እኔ አብሬሽ እጽፋለሁ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ግቢ እደሪ። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ትምህርቱ ብቻ አይደለም አዲስ የሚሆንብሽ፤ ሰው ማወቅ አለብሽ፣ የማን ኖት ጥሩ እንደሆነ፣ የትኛው መምህር እንዴት እንደሚጠይቅ። ይህ ደግሞ የሚገኘው ማታ ነው።

ዶርም ከተከለከልሽ ሁለተኛው ኪራይ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ከተሟላ ብቻ። በእግር የሚያስኬድ ይሁን፣ ብቻሽንም አትሁኚ። ሩቅ ሰፈር በርካሽ ተከራይቶ በታክሲ መመላለስ ኪራይም ጉዞም መክፈል ነው። ቤቱን ቀን ብቻ አይተሽ አትያዢ፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሄደሽ መንገዱን እዪው። አከራይዋን ስለ ውሃ፣ ስለ መብራት፣ በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አስቀድመሽ ጠይቂ። ከጓደኞችሽ ጋር የኪራዩን ድርሻ፣ አንዷ ብትወጣ ምን እንደሚሆን ወረቀት ላይ ጻፉት። ጓደኛሞችን የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ሳይነገር የቀረ ነገር ነው።

ሦስተኛው አክስትሽ ቤት። ዘመድ ቤት ነጻ ይመስላል እንጂ ነጻ አይደለም። ልጅ ትይዣለሽ፣ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ እንግዳ ሲመጣ ትጠሪያለሽ፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። እናትሽ አስቀድማ ለአክስትሽ "ልጄ እስከዚህ ሰዓት ታጠናለች" ብላ ትናገር። አንቺ መናገር አትችዪም፤ እናት ለእህቷ ግን ትችላለች። ይህ ንግግር ከተደረገ የአክስት ቤት ጥሩ ነው፤ ካልተደረገ የተፍኪው ቤት ነው አየር ጤና ላይ።

መመላለሱን ግን ከሁሉም በኋላ ነው የማስቀምጠው። ገንዘብ ይቆጥባል ይባላል። የታክሲውን የወር ሒሳብ ከሦስት ሰው የኪራይ ድርሻ ጋር ደምራችሁ አስተያዩት፤ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው አይራራቅም። ሰዓቱን ደግሞ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። እዚህ ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የታመመ ወላጅ ያለው፣ ወይም የቤቱ ኑሮ በእሱ ላይ የቆመ ልጅ አለ። እሱን ተመላለስ አትመላለስ ብዬ የምፈርድ እኔ አይደለሁም። ቤተሰቡ ግን ማታ ሲገባ ተማሪ መሆኑን ይወቅለት፤ ቢያንስ በፈተና ሰሞን ሥራ አያዙት።

ከዚያ አባቷ ስልኩን ተቀበሉ። "ባርሲሳ፣ ልጄ ከዓይኔ ከራቀች ምን ትሆናለች?" አሉኝ። ፍርሃታቸው የእውነት ነው፤ በ2012 ያየነውን ማን ይረሳል? አልተከራከርኳቸውም። የራሴን ጥፋት ነገርኳቸው፤ የዚያችን ልጅ ነገር፣ ሰበታ ላይ የቆመችበትን ማታ፣ ያልተጻፈውን ደብዳቤ። ዝም ብለው ቆዩና "እንግዲያስ ደብዳቤውን ጻፉት። ካልሆነ ሽምብራው ሲሸጥ ኪራይዋን እከፍላለሁ" አሉ።

ሐሙስ ደብዳቤውን ጽፈን አስገባን። መልሱ ገና ነው። ከተከለከለች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የምትከራይበት ቤት ግቢው አካባቢ እየፈለግን ነው። እዚያ አካባቢ የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ለሦስት ሴት ልጆች የምትሆን ንጹሕ ክፍልና ደግ አከራይ የምታውቁ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ወላጆች፣ ዘንድሮ ልጃችሁ "የት ልደር?" ብላ ስትጠይቃችሁ እንደኔ በሦስት ደቂቃ አትመልሱ። ቁጭ በሉና ሰዓቱን አብራችሁ ቁጠሩ።

ቸር እንሰንብት።